ከጧፍ እስከ ኤልኢዲ፦ የቤት መብራት ታሪክ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲታይ

የመብራት ታሪክ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከማመንጫዎቹ በኩል ነው። ግድቡ ተሠራ፣ መስመሩ ተዘረጋ፣ ከተማው በራ ተብሎ ትረካው ያበቃል። አምፖሉ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላና ሲቃጠል የት እንደሚጣል የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ይህ ቅኝት ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ተነሥቶ ሦስቱን፣ ማለትም የኃይሉን ምንጭ፣ የአምፖሉን ምርጫና የአምፖሉን መጨረሻ፣ በአንድ የታሪክ መስመር ላይ ያያቸዋል። አገራችን በመጀመሪያው እጅግ ገፍታለች፤ በሁለተኛው መንገድ ጀምራለች፤ ሦስተኛው ግን ገና ባለቤት ይፈልጋል።

መተማ ከኤሌክትሪክ በፊት ረጅም ታሪክ ያላት የድንበር ገበያ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ሌላው ሸቀጥ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁትም እዚሁ ነው። በዚያ ዘመን የቤት ብርሃን የምድጃ እሳትና ጧፍ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ነጭ ጋዝ ኩራዝንና ፋኖስን፣ አቅም ላለው ደግሞ ማሾን አስከትሎ ገባ። ኩራዝ ብርሃኑ ደካማ፣ ጭሱ ብዙ ነው። የሣር ክዳን ባለበት ቆላ ደግሞ የእሳት አደጋው ከባድ ነው። በአጭሩ፣ የዚህ የመጀመሪያ ዘመን ዋጋ በጭስ፣ በአደጋና በየገበያው በሚገዛ ጋዝ የሚከፈል ነበር።

ሁለተኛው ዘመን የተከፈተው ከቆላው ርቆ፣ በአዲስ አበባ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 አምፖሉን ለጥቅም ካበቃ ከሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ፣ የኤሌክትሪክ መብራት በምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር በራ። በ1924 ዓ.ም. 6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ተከተለ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም ሥራው ቋሚ ተቋም አገኘ፤ ሕዝቡም «መብራት ኃይል» ብሎ ጠራው። በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ያለው ቆቃ፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ለዛሬው አማራ ክልል ትልቅ ትርጉም የነበረው ጢስ ዓባይ ሥራ ጀመሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አምፖል ማለት ክሩ ግሎ የሚያበራው ክብ መስታወት ነበር። ከሚወስደው ኃይል ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የከሰዓቱ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ ይህ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ባለቤቱ የማይፈልገውን ሙቀት በገንዘቡ ወደ ቤቱ ያስገባል። ይሁንና አምፖሉ ርካሽ ስለነበርና መብራት ያገኘውም ሰው ጥቂት ስለነበር ጉዳዩ የአገር ጥያቄ አልሆነም።

ሦስተኛውን ዘመን የከፈተውና ጉዳዩን የአገር ጥያቄ ያደረገው የኃይል እጥረት ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ ተጠቃሚውን ሲያበዛ፣ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ አነሰና መብራት በፈረቃ ሆነ። መፍትሔ ተብለው ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች ማደል ነበር። ደንበኛው አሮጌውን አምፖል መልሶ አዲሱን በነፃ ይወስዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የ60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ቆጣቢው በ14 ዋት ይሰጣል። በአንድ ጊዜ የሚበሩ አንድ ሚሊዮን አምፖሎች ቢቀየሩ 46 ሜጋ ዋት ይተርፋል፤ ይህም ቆቃ ከሚያመነጨው ይበልጣል። የዘመኑ ትምህርት ይህ ነው፤ ከየቤቱ የሚቆጠበው ጥቂት ዋት ሲደመር የአንድ ግድብ ያህል ይሆናል።

ለምዕራብ ጎንደር ትልቁ መታጠፊያ የመጣው ቀጥሎ ነው። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ተመረቀ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውኃ፣ ነዋሪው ሸኸዲ በሚላት ከተማ፣ እና በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርሰው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር 100 ሜጋ ዋት ያህል ለሱዳን ማድረስ ጀመረ። በአንድ ወቅት ሰም ይሻገርበት የነበረው ድንበር የኤሌክትሪክ መሻገሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትንና ቁጠባን በሕግ አጸና፤ ለመሣሪያዎችም ደረጃ የማውጣትና የመቆጣጠር ሥራ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሰጠ። ኃይል ወደ ውጭ መሸጥና በቤት ውስጥ መቆጠብ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው ተገቢ ነበር፤ በየቤቱ የሚተርፈው ኃይል ለሽያጭ ወይም ገና መስመር ላልደረሰው ጎረቤት ይውላልና።

አራተኛው ዘመን የኤልኢዲ ነው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ይህ ግኝት የ60 ዋቱን ብርሃን በ9 ዋት ይሰጣል። አራት አምፖሎችን በየቀኑ አምስት ሰዓት የሚያበራ ቤት በአሮጌው አምፖል በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲበላ በኤልኢዲ 5.4 ብቻ ይበላል። የአገራችን ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውን በየእርከኑ ከፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ልዩነቱ ወደ ኪስ ይገባል። መስመር ባልደረሰባቸው የሰሊጥ እርሻዎችና የገጠር ቀበሌዎችም ኤልኢዲ ከአነስተኛ ሶላር ጋር ተጣምሮ ኩራዝን እየተካ ነው። ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገዥ መመልከት ያለበት ዋቱን ሳይሆን የብርሃን መጠኑን የሚነግረውን ሉመን ነው፤ የ60 ዋት አምፖል ምትክ 800 ሉመን ያህል ሊኖረው ይገባል። የኤልኢዲ ኤሌክትሮኒክስ ሙቀትና የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ይጎዱታል። ስለዚህ በቆላ አምፖሉን አየር በማያስገባ ሽፋን ውስጥ አለመዝጋትና ዋስትና ያለውን መግዛት ዋጋውን ይመልሳል።

እስከዚህ ያየነው የመሻሻል ታሪክ ነው። ኃይል ቆጣቢው አምፖልና ረጅሙ ፍሎረሰንት ግን ሜርኩሪ ይዘዋል። በአንድ ቆጣቢ አምፖል ያለው ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ያም ቢሆን በሚሊዮን ሲባዛ፣ በየጓሮው ሲሰበርና ከቆሻሻ ጋር ሲቃጠል ከባድ ነገር ነው። ዓለም መልሱን ሜርኩሪን በሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት ሰጥቷል፤ ባላስት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት መቆጣጠሪያው፣ አብሮ የተገጠመላቸውን ቆጣቢ አምፖሎች ማምረት፣ ከውጭ ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ እስከ 2025፣ የፍሎረሰንት ቱቦዎችን እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ተወስኗል። በአገራችንም የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥተዋል። ለቤተሰብ የሚያስፈልገው ዕውቀት አጭር ነው። አምፖሉ ከተሰበረ ልጆችን ማስወጣት፣ መስኮትና በር ከፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ በመጥረጊያ አለመጥረግ፣ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት አፍሶ ክዳን ባለው ዕቃ ማሸግ። ያልተሰበረውንም አለማቃጠልና ወደ ወንዝ አለመጣል። የሶላር ፋኖስ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ እሳት ውስጥ መጣል የለበትም።

እንግዲህ ቅኝቱን እንሰብስብ። የጭሱ ዘመን በክር አምፖል፣ የክር አምፖሉ በቆጣቢው፣ ቆጣቢው በኤልኢዲ ተተካ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም የምንጩን ጥያቄ ወደ አዲስ ምዕራፍ አሸጋገረው። ሕጎቹ ወጥተዋል፤ የጎደለው ሕጉ ከገንዳ ውኃና ከመተማ ዮሐንስ ሱቆች ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። መንገዱን ደግሞ እናውቀዋለን። በእጥረቱ ዘመን አሮጌ መልሶ አዲስ መውሰድ ይቻል ነበር፤ ያው አሠራር ዛሬ ቆጣቢውን መልሶ ኤልኢዲ ለመውሰድ ሊያገለግል ይችላል። ማዘጋጃ ቤቱ የታሸገ ማስቀመጫ በመብራት ዕቃ መሸጫዎች ቢያኖር፣ ሻጩ አሮጌውን ቢቀበል፣ ዞኑ ተጠራቅሞ የሚወሰድበትን ቀን ቢወስን፣ ሥራው ይጀመራል። አገር የሚያሻግር መስመር የዘረጋ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም። በእኔ እምነት የአገራችን የመብራት ታሪክ ሙሉ የሚሆነው የተቃጠለው አምፖልም እንደ ግድቡ ሁሉ ኃላፊ ሲኖረው ነው።