የኮኔማራ ፖኒ፦ በውድድር ሜዳ የተሠራ ዘር

ኮኔማራ በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይ ካውንቲ፣ ከአትላንቲክ ዳር የሚገኝ ድንጋይና ረግረግ የበዛበት አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የነበረ ትንሽ ገበሬ ከአንድ በላይ የጋማ ከብት የማኖር አቅም እምብዛም አልነበረውም፤ ያችም አንዷ ብዙ ጊዜ ባዝራ ፖኒ (ቁመቷ አጭር የሆነ ፈረስ) ነበረች። ባዝራ ትሠራለች፤ ትወልዳለችም። በግራና በቀኝ በተንጠለጠሉ ቅርጫቶች የባሕር አረም ወደ ድንች ማሳ፣ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀውን የማገዶ አፈር ደግሞ ወደ ቤት ታመላልሳለች። ውርንጭላዋ ሲሸጥ የመሬቱ ኪራይ ይከፈልበታል። ድንጉላ ማኖር ግን ለድሃ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ድንጉላውን የሚያመጣው ወገን የዘሩን ዕጣ ይወስን ነበር።

በ1891 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ መንግሥት የምዕራቡን ድህነት ለማቃለል አንድ ቦርድ አቋቋመ። ቦርዱ ካመጣቸው ድንጉላዎች መካከል ሃክኒዎች ይገኙበታል፤ ሃክኒ እግሩን ከፍ እያደረገ የሚሰግር፣ ለሠረገላ የሚፈለግ የእንግሊዝ ፈረስ ነው። ጉዳዩ ክርክር አስነሣ። ተቃዋሚዎቹ፣ የሠረገላ ፈረስ ልጅ የኮኔማራን ዝናብና የሣር እጥረት አይችልም አሉ። የኤድንብራው የሥነ እንስሳት ሊቅ ጄምስ ኮሳር ኤዋርት በ1900 ባወጣው ዘገባ የአገሬውን ፖኒ ጥንካሬ አመሰገነ።

ዘገባ ብቻውን ዘር አይጠብቅም። እንደ ሮስመኩ ማይክል ኦማሊ ያሉ ሰዎች ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተው፣ በ1923 ኦክተራርድ ከተማ የኮኔማራ ፖኒ አርቢዎች ማኅበር ተመሠረተ። በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያው የፖኒ ትርዒት በራውንድስቶን ተካሄደ። ትርዒቱ የበዓል ጨዋታ ብቻ አልነበረም። መርማሪዎች ፖኒዎቹን አንድ በአንድ አይተው፣ የተመረጠውን በዘር መዝገብ ያሰፍሩ ጀመር፤ የመዝገቡ አንደኛ ቅጽ በ1926 ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ኮኔማራ» መባል በዓይን ከመታወቅ አልፎ በመዝገብ የሚረጋገጥ ነገር ሆነ።

በመዝገቡ ተራ ቁጥር 1 የተሰጠው ድንጉላ በ1904 የተወለደው ካነን ቦል ነው። ስለ እሱ የሚተረከው ብዙ ነው፦ የኦክተራርድን የገበሬዎች እሽቅድምድም 16 ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ በዋዜማው ግማሽ በርሜል አጃ ይበላ ነበር፤ ሲሞትም እንደ ሰው ሌሊቱን ተለቀሰለት፣ ተጠጣለትም። አጃውና ለቅሶው ከሰው አፍ የተወሰዱ ስለሆኑ እንደ አፈ ታሪክ መያዝ አለባቸው። የትውልድ ሐረጉ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ በአባቱ በኩል የዌልስ ደም አለበት። የአገሬው ዘር መዝገብ የተከፈተው የመጤ ደም ባለበት ድንጉላ ነበር ማለት ነው። መራጮቹ የፈለጉት ሥራውንና አገሩን የሚችል አካል እንጂ ንጹሕ ደም አልነበረም። ከዚያም በኋላ የእሽቅድምድም ፈረስና የዓረብ ፈረስ ደም ተጨምሯል፤ በሩ የተዘጋው በ1964 ነው።

ትርዒቱ ከ1947 ጀምሮ በክሊፍደን ከተመ። ትራክተርና መኪና ሸክሙን ሲወስዱ ፖኒው ለልጆች መጋለቢያና ለዝላይ ተፈላጊ ሆነ። በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በዝላይ የብር ሜዳሊያ ያስገኘው ስትሮለር የኮኔማራ ደም ያለበት ድቅል ነበር።

በዚያው ምድር ያንኑ ማገዶ የተሸከመው አህያ ግን ወደ ትርዒት ሜዳ የገባው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዝ እንኳ የአህያ ትርዒት ማኅበር የተቋቋመው በ1967፣ የአህያ ጉልበት ከገበያ ሊወጣ በተቃረበበት ጊዜ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሥራው ክብደት አይደለም፤ ሁለቱም እኩል ተጭነዋል። የፖኒ ውርንጭላ ከአውራጃው ውጭ ገዢ ነበረው፤ ገዢም የዘር ማረጋገጫ ይጠይቃል። አህያ ግን የሚፈለገው እዚያው በሚሠራበት ደጅ ስለነበር፣ ሐረጉን ጽፎ ማስቀመጥ ለማንም ትርፍ አልነበረውም። የትርዒት መዝገብ ሲነበብም ይህ መዘንጋት የለበትም፤ የሚነግረን የትኛው እንስሳ እንደሠራ ሳይሆን የትኛው እንስሳ ገዢ እንደነበረው ነው።