በሬ በሌለበት አገር

ዘጌን በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ምን እንደሆነ ቶሎ የማይገለጥለት አንድ ነገር ይጎድልበታል። ጫካው አለ፣ ወፉ አለ፣ ጦጣው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ጅራፍ ግን አይጮህም። በሬውን በስሙ እየጠራ የሚያርስ ገበሬ የለም። የጎጃምን ጤፍና ዳጉሳ ማሳ አልፎ ለመጣ መንገደኛ ይህ ዝምታ ግር ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ጣና ገባ ያለው ይህ ባሕረ ገብ መሬት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ደንብ አይታረስም፤ የቀንድ ከብት ማርባት፣ ፈረስና አህያ ማቆየትም ነውር ሆኖ ኖሯል። ደንቡን የሠሩት ገዳሙን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። «ሕዝብህ ሳያርስ ይኖራል» የሚል ቃል ኪዳን ተሰጣቸው፤ ቡናውና ጌሾውም ከበትራቸው በቀለ። ስማቸው ራሱ በትር አይደል? የዘጌ ሰው ይህን ሲያወራ ትናንት የሆነ ያስመስለዋል።

ለመሳለም የሚመጣው ሰው በብዛት የሚጎርፈው በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ነው። አንዳንዱ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቀዝፎ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደብ ላይ ይወርዳል፤ አንዳንዱ በየብስ መጥቶ ከአፋፍ ከተማ ወዲህ በእግሩ ይያያዘዋል። መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ አዝዋ ማርያም፣ ኡራ እያለ ለሚሳለም ሰው የአንድ ቀን መንገድ ይበቃዋል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ የኦክሲታን ቋንቋ ይነገርበት በነበረው ገጠር፣ ከለ ፑይ ተነስተው ወደ ስፔን የሚያዘግሙ ተሳላሚዎች አሉ። የእነሱ መንገድ በነጭና በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ባረፉበት ሁሉ ደብተራቸው ላይ ማኅተም ይመታላቸዋል። የዘጌ መንገድ ማኅተም የለውም። ምልክቱ ግራና ቀኝ የቆመው የቡና ዛፍ ነው።

እኔም ላወራ የፈለግሁት ስለዚሁ ቡና ነው። ጥላው ሥር የሚሄድ ሰው ዱር መሐል ያለ ይመስለዋል እንጂ፣ ቦታው የእርሻ መሬት ነው። ዛፉ ተተክሏል፣ ተመንጥሯል፣ ተለቅሟል። ቤተ ክርስቲያን ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው እያለች እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ትነቅፈው እንደነበር እናውቃለን። የዘጌ ካህናት ግን ያለሙት ነበር! መጠጣቱ ነውር፣ መሸጡ ግን ጸጋ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም። በሬ የለም፣ አህያ የለም፣ አጋሰስ የለም። ቡናው ግን መለቀም፣ መሰጣት፣ ወደ ታንኳው መውረድ አለበት። ማን አወረደው?

የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አንስተዋል። ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይዘው የዘጌን ካህናት በሁለት ስም ይጠሯቸዋል፤ ቡና አልሚና ባሪያ አሳዳሪ። በምዕራቡ ጠረፍ፣ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ምድር ስለነበረው የባሪያ ንግድም ሌላ ጥናት አላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የዘጌን ጫካ እንደ ድሮው አያየውም። በ1916 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ እንዳይመስለን፤ ያንን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በየቤታችን ነበሩ።

በእኔ ግምት በሬ እንዳይጠመድ የተከለከለበት አገር የሰውን ጀርባ በብርቱ መፈለጉ አይቀርም ነበር። ይህን ማለት ቃል ኪዳኑን ማቃለል አይደለም። በጣና ዙሪያ ስንቱ ጫካ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ የዘጌው የቆመው በዚያው ደንብ ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ ወጥቶ ዳር ዳሩን ይይ። ግን ዛፉን ያቆመውን ቅዱስ በስሙ እየጠሩ፣ ፍሬውን የለቀመውን ሰው ስም አልባ አድርጎ ማለፍ ለታሪክ አይመችም። አስጎብኚው ስለ በትሩ አንድ በአንድ ይነግርዎታል፤ ስለ ለቃሚው ካልጠየቁት አይነግርዎትም። እርሱም አይፈረድበትም፤ ጠይቆት የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ኡራ ሲደርሱ ጫማዎን አውልቀው ይገባሉ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ከሥዕሎቹ መካከል በላኤ ሰብ አለ፤ ያ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው፣ ለአንድ የተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የዳነው። ሚዛኑ ሲያጋድል ልቡ የማይነካ ተሳላሚ የለም። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ስለ በላኤ ሰብ ስንት ስብከት ሰምተናል፣ ስለ ሰባ ስምንቱስ?

በ1967ቱ አዋጅ መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ ገዳማቱም ጉልተኝነታቸው ቀረ። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትሄድ ደግሞ ማገዶ ፈላጊው በዛ፤ ወይጦዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ከዘጌ ከቡናው ጋር እንጨትም ይጫን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ ዘጌም አብሮ ገባ። በወደቡ ላይ ሴቶች ቡና በትንሽ በትንሹ ቋጥረው፣ ወንዶች ደግሞ አሻንጉሊት ታንኳ ደርድረው ይሸጣሉ። ቡናውን ሲገዙ ዘንድሮ ማን እንደለቀመው ይጠይቁ፤ ሻጯ ብዙውን ጊዜ «እኔው ነኝ» ትልዎታለች፣ ዋጋውንም ራሷ ትቆርጣለች።