ከእርሳስ ፊደል እስከ ሌዘር ፕሌት፦ ኅትመት በጅማ መስመር

የኦፍሴት ኅትመት በፕሌት ይጀምራል። ፕሌት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ ሲሆን ጽሑፍና ምስል ያረፉበት ገጹ ቅባታማውን ቀለም ይይዛል፤ ባዶው ገጽ ግን ውሃ ስለሚይዝ ቀለሙን አይቀበልም። ቀለሙ ከፕሌቱ ወደ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ወረቀት ይተላለፋል። ውሃና ቅባት አለመዋሐዳቸውን ለኅትመት ያዋለው አሎይስ ሰኔፌልደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1796 በድንጋይ ላይ ማተም ጀመረ።

ኢትዮጵያ ግን ኅትመትን ያወቀችው በእርሳስ ፊደል፣ ማለትም ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱን በቀጥታ በሚመታ ጎላ ያለ የብረት ፊደል ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ጽሑፍ የሚዘጋጀው በለቀማ፣ ማለትም ፊደላቱን አንድ በአንድ እያነሱ በመደርደር ነበር። የግዕዝ ፊደል ቁጥሩ ከ200 በላይ ስለሆነ የለቃሚው ሳጥን ከላቲኑ እጅግ ይሰፋል፤ አንድ ገጽ ለማቆም ብዙ ሰዓት ይወስድ ነበር።

ኦፍሴት ሲስፋፋ እርሳሱን ፊልም ተካው። ጽሑፉ በፊልም ይወጣል፣ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ በሞንታዥ ይደረደራል፣ ከዚያም ፕሌቱ ላይ ተጣብቆ በኃይለኛ ብርሃን ይመታና ፕሌቱ በመድኃኒት ይታጠባል። ባለቀለም ገጽ አራት ፊልም ይፈልጋል። ፊልሙ ላይ ያረፈች ብናኝ በየቅጂው ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ ሞንታዡ በጥቂቱ ከተዛነፈም ቀለሞቹ በልካቸው አይገጥሙም።

ሲቲፒ (ከኮምፒውተር ወደ ፕሌት) የሚባለው አሠራር ፊልሙንና ሞንታዡን አስቀረ። በዓለም ገበያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ይህ መሣሪያ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ ነጥቦች ለውጦ በሌዘር በቀጥታ ፕሌቱ ላይ ይጽፋል። የሙቀት ሌዘሩ በ830 ናኖሜትር፣ ሐምራዊው በ405 ናኖሜትር አካባቢ ይሠራል።

የዚህን ለውጥ ጥቅምና ገደብ በጅማ ማየት ይቻላል፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፊልምና ፕሌት የሚያወጡ ድርጅቶች በብዛት ያሉት በመዲናዋ ስለሆነ ይህ ርቀት የክልል ማተሚያ ቤትን ዋጋ ያስከፍላል። ሌዘሩ የመንገዱን አንድ ጎን አሳጥሯል፤ ዲዛይኑ በኢንተርኔት ይላካል፣ ፕሌቱ ግን ዕቃ ነውና በመኪና ይመጣል። ባለአንድ ቀለም ሥራ ከሆነ ደግሞ ተራ ሌዘር ፕሪንተር በፖሊስተር ፕሌት ላይ ሊያትመው ስለሚችል አነስተኛ ቤት እዚያው ይጨርሰዋል።

በጅማ ዙሪያ ላሉ የቡና ከተሞች ይህ ጠቃሚ ነው፤ የአጋሮና የሊሙ ቡና ንግድ የሚፈልገው ወረቀት ይበልጡን ባለአንድ ቀለም ነውና። በ17 ኪሎው ፈረሱላ የተመዘነ ቡና የሚመዘገብበት ካርኒ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ቅጽ ሁሉ ከዚህ ይመደባል።

በዚሁ ደረሰኝ ላይ ግን ሌዘሩ የማይደርስበት ሥራ አለ። አንድ ፕሌት ሁሌም ያንኑ ምስል ስለሚያትም ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚለወጠውን ተከታታይ ቁጥር ሊያወጣ አይችልም። ቁጥሩን የሚመታው ከማተሚያው ጋር የሚገጠም ቁጥር መቺ ነው፤ በብረት ጎማዎቹ ላይ ያሉት ጎላ ጎላ ያሉ አኃዞች ቀለም ነክተው ወረቀቱን በቀጥታ ይመታሉ፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላም በአንድ ይጨምራሉ። አሠራሩ የእርሳስ ፊደሉን መርህ የተከተለ ነው፤ ስለዚህ ፕሌቱ በሌዘር በተሠራ ደረሰኝ ላይ ሁለቱ የኅትመት ዘዴዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ።