ሐቢብ ታንቪር
ሐቢብ ታንቪር (1923–2009 እ.ኤ.አ.) ሕንዳዊ የቴአትር አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ገጣሚና ተዋናይ ነበሩ። የተወለዱት በራይፑር ነው። በ1954 ዴልሂ ላይ ያቀረቡት «አግራ ባዛር» የተባለ ተውኔት ተማሪዎችንና የኦክላ መንደር ነዋሪዎችን በአንድ መድረክ አገናኘ። ከዚያም በእንግሊዝ ቴአትር አጠኑ፤ በርሊን ሄደውም የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬሽትን ሥራዎች ተመለከቱ።

በ1959 ከቴአትር ባለሙያዋ ሞኒካ ሚስራ ጋር «ናያ ቴአትር» የተባለውን ቡድን መሠረቱ።

ዋነኛው አስተዋጽኦአቸው «ናቻ» በተባለው የሕዝብ ትርኢት የተካኑ የሕንዱ ቻቲስጋርህ ክልል የገጠር ተዋንያንን ወደ ዘመናዊው መድረክ ማምጣታቸው ነው። ተዋንያኑ በገዛ ቋንቋቸው ይተውኑ፣ ይዘፍኑና ይጨፍሩ ነበር፤ ተውኔቶቹ ሕይወት ያገኙትም ከዚሁ ነው። ላለመዋሸት በገባው ቃል የተነሳ ሕይወቱን የሚያጣ ሌባን የሚያሳየው «ቻራንዳስ ቾር» (1975) በ1982 በኤድንብራ ተሸለመ። ታንቪር በሕንድ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባልነት አገልግለዋል፤ በ2002 የፓድማ ቡሻን ሽልማት ተቀብለዋል። ያረፉት በቦፓል ነው።