የመተማ ዜማ የየት አገር ነው?

የዓለም ሕዝቦችን ሙዚቃ የያዙ ሸክላዎችና ሲዲዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ሽፋናቸው ላይ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ ስም ይጻፋል። ስም የሌለው መደርደሪያ የለውም። ስለ መተማና ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ጥቂት ማለት የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያ ምድር በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ወድቆ የቀረ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ ከሸክላ ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) በርሊን ላይ ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ቮልፍ ሌስላው ከቤተ እስራኤል የቀዳው ሃይማኖታዊ ዜማ ፎክዌይስ በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ወጣ። በ1960ዎቹ አገሪቱን የዞረችው ጂን ጄንኪንስ ሦስት ሸክላዎች አሳተመች፤ አንዱ የማዕከላዊው ደጋ፣ ሁለተኛው የበረሃ ዘላኖች፣ ሦስተኛው የኤርትራ ተባሉ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ከ30 ባላነሱ ቅጾች ይልቁንም የአዲስ አበባን ድምፅ ለዓለም አሰማ። የምዕራቡን ቆላ ስም ከእነዚህ ርእሶች መካከል አናገኘውም።

ተመራማሪ ሳያልፍበት ቀርቶ አይደለም። የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ እ.ኤ.አ. በ1932 ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በር ነው። ከመተማ ፊት ለፊት ባለችው ገላባት የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀ ሳምንታት ቆየ። ጎንደር ሲደርሱ ሚሼል ሌሪስ የመልካም አየሁን የዛር ቤት አዘወተረ፤ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴም የዛሩን ዘፈንና ንግግር እየጻፉ ረዱት። ጎንደር የሥራ ቦታ፣ ድንበሩ ግን መጠበቂያ ሆነ።

ዛሩ ራሱ ግን ድንበር አያውቅም። በሱዳንም የዛር ሥርዓት አለ፤ መናፍስቱ በየዜማቸው ይጠራሉ፤ ከወገኖቻቸውም አንዱ «ሐበሻ» ይባላል። ቅኝቱም ቢሆን በሁለቱም አገር ባለ አምስት ድምፅ ነው። ዐረብኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የመሐመድ ዋርዲንና የሰይድ ኸሊፋን ዘፈኖች የወደደው ጆሮው ቀድሞ ስለሚያውቃቸው ይመስለኛል።

መተማን የምናስታውሳት በደም ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ ወደቁ፤ ከተማይቱም ስማቸውን ይዛለች። ያው የጦር መንገድ የነጋዴም መንገድ ነበር። በቆላው ጉሙዙ በአገሩ ይኖራል፤ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛም እንጉርጉሮውን ይዞ ይወርዳል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ብዙዎች በዚህ በር ተሻግረዋል፤ ከነዘፈኖቻቸው።

ስደተኛ ይበተናል፤ የአጨዳ ሠራተኛም ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ዘፈኑ በዚያች ምድር የሚገናኘው ሰዎቹ አብረው እስካሉ ድረስ ነው። መቅረጫ ዛሬ በየሰዉ ኪስ አለ። የሚቀርጽ ሰው ከተገኘ፣ ሽፋኑ ላይ የአገር ስም ከማስፈሩ በፊት «መተማ» ብሎ ይጻፍ።