ስሙ ለምን ጠፋ?
(ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የገባበት አጭር ታሪክ)



ባለፈው ክረምት በአንድ ሌሊት የሆነውን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የአንድ አባላችን ልጅ በሬን አንኳኳ። አባቱ አርፈዋል። እኔም ነጠላዬን ደርቤ ስልኬን አወጣሁና የዕድራችንን መዝገብ ከፈትሁ። መዝገቡን ከትልቁ ደብተር ወደ ኮምፒዩተር የገለበጥሁትም፣ ስም ሲጻፍለት የአባሉን ቁጥርና መዋጮ የሚያሳየውን ድረ ገጽ የሠራሁትም እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ደመወዝም የለኝም፤ ሌላው ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ካርታ ሲጫወት እኔ ፕሮግራም እጫወታለሁ።

የሟቹን ስም ጻፍሁ። ማሽኑ «የለም» አለ። ደግሜ ጻፍሁ። «የለም»። በደንባችን መሠረት የአባል ቁጥር ሳይያዝ ድንኳንና ወንበር ከዕቃ ቤት አይወጣምና፣ ትልቁ ደብተር ከቁም ሣጥን እስኪወጣ ድረስ ነጋ። ለቅሶኛው ደጅ ላይ በዝናብ ቆመ። የሟቹ ባለቤት እትዬ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ሠላሳ ዓመት ሳያጓድል የከፈለ ሰው፣ በሞተበት ሌሊት እንዴት የለም ይባላል?»

በኋላ ስናየው ስሙ አለ። የቀድሞው ጸሐፊያችን በጥሩ የእጅ ጽሕፈታቸው «ኃይሉ» ብለው ጽፈውታል፤ እኔም ስገለብጥ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። በዚያ ሌሊት ግን በድንጋጤ «ሀይሉ» ብዬ ጻፍሁ። ለጆሮ አንድ የሆነው ለማሽኑ ሁለት ሰው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማሽኑ ነው፣ ወይስ የፊደሉ?» እያልሁ ስመራመር ቆየሁ። ያገኘሁትን በዚህ መጽሔታችን ላይ ባቀርብ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ከጽሕፈት መኪናው እንጀምር

የፊደላችን ብዛት ማሽን ሠሪን ሁሉ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ቤት በሰባት ብናባዛው 231 ይሆናል፤ እነ ሏ እነ ሟ እነ ቋ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለቃሚው እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ከሣጥኑ እያነሣ ይደረድር ስለነበር ብዛቱ ድካም እንጂ እንቅፋት አልነበረም። የጽሕፈት መኪና ግን ያለው ጥቂት ቁልፍ ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የውጭውን መኪና ለአማርኛ እንዲሆን አድርገው የሠሩት በዘዴ ነበር። የኋላዎቹም የአማርኛ መኪናዎች የሄዱት በዚያው ዘዴ ነው፤ የፊደሉ አካል ለብቻ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ለብቻ ይመታል፣ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ይጋጠማሉ። በቀበሌና በፍርድ ቤት የተጻፉ አሮጌ ወረቀቶችን ያየ ሰው እግሯ ትንሽ ፈንጠር ያለችውን «ቡ» ያስታውሳል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው ፊደሉን ቢያጎሳቁለውም የሚያነበው ሰው ነበር። ሰው ደግሞ «ኃይሉ»ንም «ሀይሉ»ንም ሲያይ ሰውየውን ያውቀዋል።

ኮምፒዩተሩና የመቀመጫው ጠብ

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ደረጃ ለእያንዳንዱ ፊደላቸው ቁጥር ሲሰጡ ያዘጋጁት 128 መቀመጫ ነበር። በኋላ ወደ 256 ቢሰፋም ግማሹ አስቀድሞ በላቲን ተይዟል። የኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ቤተሰብ ይዞ ቢመጣ የት ይቀመጥ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይሠሩ ከነበሩት መካከል ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላው የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር እንዲጻፍ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ቀጥሎም ብዙዎች ተነሡ። አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባሉትን ስሞች በየጽሕፈት ቤቱ ሰምተናቸዋል። የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ባይኖሩ የሠርግ መጥሪያና የንግድ ደብዳቤ በአማርኛ ማን ይጽፍልን ነበር? ችግሩ ግን ሠሪዎቹ በአንድ ደንብ አለመስማማታቸው ነበር። ሁሉም የላቲኑን መቀመጫ እየተዋሰ ፊደላችንን በፈቀደው ቁጥር ላይ አስቀመጠ፤ አንዳንዱም ሲጠበው ፊደሉን በሁለትና በሦስት ከፍሎ አኖረው። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የነጥብና የሰረዝ ቁጣ ሆኖ ይወጣል።

እኛ የመርካቶ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሸማ ተራ ሸማ አለ፣ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ አለ፣ እህል በረንዳ እህል አለ። ከገጠር የመጣ እንግዳ እንኳን ተራውን ከጠየቀ ያገኘዋል። አሁን አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሸማውን ምናለሽ ተራ፣ ጤፉን ሸማ ተራ ቢያዞር፣ ጎረቤቱም በሌላ መንገድ ቢያዞር፣ ገበያተኛው ምን ይሆናል? የፊደላችን ነገር እንዲያ ነበር።

ድሩ ሲዘረጋ

በዚህ መካከል እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ ባለው ሰርን የተባለ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ሐሳብ በ1991 የመጀመሪያው ድረ ገጽ ሆነ። ወደ ኢትዮጵያም ኢንተርኔት ለሕዝብ በ1989 ዓ.ም. ገባ። ነገር ግን በዚያ ዘመን አማርኛን በድሩ ላይ ማውጣት የፈለገ ሰው ያለው ምርጫ ሦስት ነበር፤ ጽሑፉን እንደ ፎቶግራፍ መለጠፍ፣ አንባቢውን «መጀመሪያ ይህን ፊደል ጫን» ማለት፣ ወይም በላቲን መጻፍ።

ለሦስተኛው መንገድ ሥርዓት ያበጁለት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለውን አጻጻፍ አዘጋጁ። በዚህ ሥርዓት ትንሿ የላቲን ቲ «ተ»ን፣ ትልቋ ቲ «ጠ»ን ትወክላለች፤ እንደዚሁ እያለ ፊደላችን ሳይደባለቅ በኢሜይል ሄዶ እንደገና ወደ ግዕዝ ይመለሳል። ስሟ ሴራ ቢሆንም ተንኮል የለባትም።

ዋናው መፍትሔ ግን ዩኒኮድ ነው። ጆ ቤከር የተባለው የዜሮክስ ኩባንያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎ ያሰራጨው ሐሳብ፣ የዓለም ፊደል ሁሉ አንድ የጋራ ገበያ ይኑረው፣ ለእያንዳንዱም የማይነቀል ተራ ይሰጠው የሚል ነበር። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። በ2005 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለሜኤን የሚያስፈልጉት ፊደሎች ተጨመሩ።

ተራው ቢሰጥም ቅርጹ በማሽኑ ውስጥ ከሌለ ባዶ ሣጥን ብቻ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ይዞ መጣ። ቀስ በቀስም ስልኮቹ ተከተሉ። ዛሬ ከጎጃም በረንዳ ወደ ዋሽንግተን መርዶ በአማርኛ ስንጽፍ ሣጥን የማይደርሳቸው በነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

የኔ ጨዋታና የኔ ስሞታ

እንግዲህ ወደራሴ ልመለስ። ዩኒኮድ ውስጥ «ሀ» የተቀመጠው በ4608ኛው ቁጥር ላይ ነው። ከዚያ በየስምንቱ አንድ ቤት ይጀምራል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው ለነ ሏና ሟ። ይህን ሳውቅ እንደ ልጅ ፈነደቅሁ። ቁጥሩን ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን ማየት ብቻ «ይህ ፊደል ራብዕ ነው፣ ይህ ሳድስ ነው» ለማለት ይበቃል። አንድ እሑድ ሙሉ የፊደል ገበታውን በዚህ መንገድ ስደረድር ዋልሁ፤ ቡናው ሦስቴ ቀዘቀዘብኝ።

የአባላቱን ዝርዝር በግዕዝ ቁጥር ፩፣ ፪፣ ፫ ብዬ ማውጣትም ተቻለ። ይህ በድሩ ደንብ ውስጥ ታስቦበት ኖሯል። ዜሮ የሌለውን ቁጥራችንን ማሽኑ ራሱ እየቆጠረ 2017ን ፳፻፲፯ ብሎ ሲጽፍልኝ ባርኔጣዬን አነሣሁ።

ስሞታዬ ግን ብዙ ነው። ድረ ገጾች የሚሠሩበት ጃቫስክሪፕት የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንደን አይክ በዐሥር ቀን የሠራው ነው ይባላል፤ መቸኮሉም ያስታውቃል። ቀንን ከአንድ ይቆጥርና ወርን ከዜሮ ይቆጥራል! በሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ ዜሮኛ ወር ነው። እኔም አርባውንና ሰማንያውን የሚያሰላ ገጽ ስሠራ በሟቹ ቀን ላይ አርባ ደመርሁ። የዕድራችን አባቶች ግን ዕለቱን አንድ ብለው ስለሚቆጥሩ ገጹ አርባውን በአንድ ቀን አሳልፎ ተናገረ። ደግነቱ ዳኛችን በጣታቸው ቆጥረው ከመለፈፉ በፊት ያዙኝ።

ዘመን አቆጣጠራችን በአብዛኞቹ መክፈቻዎች ውስጥ ዛሬ አብሮ ተሠርቶ ይገኛል። ይህ መልካም ነው። የድሩ ቀን ማስገቢያ ሣጥን ግን እስከ አሁን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጳጉሜን ሦስት ቀን የተወለደ ሰው ምን ይሙላ? «የቤተሰብ ስም» የሚለውስ? እኛ ዘንድ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው፤ ሚስትም የባሏን ስም አትወርስም። ፎርሙ ግን ባዶ ትቶ አያሳልፍም።

ከሁሉ የከበደው የመጀመሪያው ነገር ነው። ለማሽኑ «ሀ» 4608 ነው፣ «ኃ» ደግሞ 4739። በጆሮ አንድ የሆኑት በማሽኑ ውስጥ በ131 ቤት ተራርቀው ይኖራሉ። «ኃይሉ» የሚለው ስም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ፀሐይ» በዐሥራ ሁለት። ኧረ «ዕድር» ራሱ ሁለት ነው!

ከእንግዲህ ምን ይደረግ?

ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም። ፊደሎቹ በግዕዝ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ አባቶች አውቀው የጻፉትን «ማሽን ይደናገራል» ብሎ መሠረዝ አይገባም። የዩኒኮድም አይደለም፤ እሱ ለሁሉም ተራውን ሰጥቷል። ማን ከማን ጋር ዘመድ እንደሆነ ለማሽኑ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሟቹ ቤተሰብም በዚህ ጽሑፍ ደግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ፕሮግራሙን አርሜዋለሁ። ማሽኑ ሲፈልግ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ከነቤተሰባቸው እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልጋል፤ ሲያሳይ ግን ስሙን በመዝገቡ እንደተጻፈው ያሳያል። ይህን ለመጻፍ የፈጀብኝ አንድ ማታ ብቻ ነው። ያን ማታ ከዓመት በፊት ባጠፋው ኖሮ ያ ሁሉ ሰው በዝናብ አይቆምም ነበር።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል ወርኃዊ መዋጮውን ሲከፍል የራሱንና የባለቤቱን ስም አጻጻፍ ከጸሐፊው ጋር ያስተያይ፤ የተሳሳተ ካለ በሕይወት እያለን እናርመው። ሁለተኛ፣ ትልቁ ደብተር አይጣል። ኮምፒዩተር ፈጣን ነው፣ ነገር ግን መብራት ይጠፋል፣ ኔትዎርክም ይጠፋል፣ እንደኔ ያለ ሰውም ይሳሳታል። ደብተሩ በአንድ ጸሐፊ እጅ፣ ቁልፉም በሁለት ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

እትዬ ለጠየቁኝ ጥያቄ ያን ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ፤ ባለቤትዎ አሉ፣ ስማቸውም በ«ኃ» በትክክል ተጽፎ አለ። የጠፋሁት እኔ ነበርሁ።

ለሁላችንም ዕድሜና ጤና ይስጠን።