የእኛ የገና ፊልም የቱ ነው?

ገና በደረሰ ቁጥር ጓደኞቻችን (ውጭ ያሉትም፣ እዚሁ ቁጭ ብለው ውጭ ያሉ የሚመስላቸውም) አንድ ዓይነት ዝርዝር ይልኩልናል። “ለገና የሚታዩ አሥር የድሮ ፊልሞች” ይላል። አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ጄምስ ስቱዋርት በበረዶ ውስጥ ይሮጣል፣ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ይተቃቀፋል። እኛም እናያለን፣ ትንሽ እናለቅሳለን፣ ከዚያ ወደ ዶሮ ወጣችን እንመለሳለን።

ባለፈው ገና ግን አንዳችን “ቆይ፣ የእኛ ጥቁርና ነጭ የት ሄደ?” ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዘን ዝም ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ፍለጋ ጀመርን።

መጀመሪያ ስለ ፈረንጆቹ አንድ ነገር እንበል። “ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ” የተባለው የጄምስ ስቱዋርት ፊልም እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ ገበያ አልቀናውም ነበር። የዓመት በዓል ፊልም ያደረገው አንድ የቢሮ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ቀረ፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነጻ አገኙትና በገና ሰሞን እየደጋገሙ አሳዩት። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው አዩት፣ አድገው ለራሳቸው ልጆች አሳዩ። ስለዚህ ወግ ማለት ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ አንድ ነገር ቤተሰብ በተሰበሰበበት ደጋግሞ ሲታይ ወግ ይሆናል ማለት ነው። ይህቺን ያዙልን።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር የተዋወቀችው በፍርሃት ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን የጥንቱን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ “የሰይጣን ቤት” ብሎት እንደነበር ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ግድግዳ ላይ የሚሄድ ሰው የጤና አይደለም! ዓመታት አለፉና በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው “ሂሩት አባቷ ማነው?” ወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ እሱም 20 ዓመት ያህል ቀለም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ አልነበረንም ማለት አንችልም። ነበረን። በዓመት በዓል አብረን የማየት ወጉ ነው ያልነበረን።

ፍለጋችን ከዚያ ወደ ጎንደር ወሰደን። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ከተማ አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛና ጸሐፊ ነበሩ፤ “ጎንደሬ በጋሻው”ን የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ቴአትርም ይደርሱ ነበር። ልጁ የአባቱን ቴአትር እያየ፣ ከሲኒማ ቤት ደግሞ የአሜሪካ ፊልም እየተመለከተ አደገ። ይህ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። ካደገ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲናገር አንድ የሚያሳፍር ነገር አልደበቀም። እሱና ጓደኞቹ ታርዛንን ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት፣ “ተጠንቀቅ!” ብለው የሚጮኹት ለታርዛን ነበር። በካውቦይ ፊልምም የሚደግፉት ካውቦዩን እንጂ ህንዶቹን አልነበረም፤ የጎንደር ኮረብታዎች ላይ ጨዋታውን ሲደግሙትም እንደዚያው።

አስቡት። በእነዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ዝነኛ የሆነው ታርዛን ጆኒ ዋይዝሙለር ይባላል። በኦሊምፒክ ዋና አምስት ወርቅ ያገኘ አሜሪካዊ ነው። “የአፍሪካ ጫካ” የተባለውም አብዛኛው የተሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የጎንደር ልጅ ግን ከዋናተኛው ጎን ቆሞ የራሱን ወገን ይፈራ ነበር። (እኛስ ቪዲዮ ቤት ተኮልኩለን ስናይ ለማን ነበር የምናጨበጭበው? መልሱን ለየራሳችሁ።)

ያ ልጅ አሜሪካ ሄዶ ፊልም ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ እየፈነዳ በነበረበት ዓመት፣ አገሩ ተመልሶ ሁለት ሳምንት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንድ ፊልም ቀረጸ። “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” ይባላል። ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ተዋናዮቹ ዝነኞች አይደሉም። አንድ የገበሬ ቤተሰብ አለ፣ የመሬት ጌታ አለ፣ እውነቱን የሚናገር ከበበ የሚባል “እብድ” አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። በተቀረጸ በዓመት ውስጥ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የመሬት አዋጁ ታወጀ። ያ ፊልም ሊያልፍ ጥቂት ወራት የቀሩትን ዓለም ነው የያዘው።

በገና ዋዜማ ፊልሙን ላፕቶፕ ላይ ከፈትነው። ቦታው የአንዳችን ቤት ነው፤ አያቷም አሉ። አባባ የስማዳ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ የመጡት ጎረምሳ ሳሉ ነው። ድሮ ለገና አገር ቤት ይወርዱ ነበር። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ መንገዱ አያስተማምንምና እዚሁ ይውላሉ።

“ቀለሙ ምን ሆኖ ነው?” አሉ ገና ሲጀምር። ድሮ የተሠራ ስለሆነ ነው አልናቸው። ትንሽ ዝም አሉ። በሬዎች ተጠምደው ማረስ ሲጀምሩ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ። “ያ ዳለቻ ነው። ያኛው ቡሬ።” እኛ የምናየው ግራጫና ግራጫ ብቻ ነው! እሳቸው ግን የሁሉንም ቀለም ያውቁታል። አፈሩን ሳይቀር “ይሄ ዋልካ ነው፣ ጤፍ ይወዳል” አሉን።

ጌትዬው ተቀምጦ ገበሬዎቹን ሲያዝ ደግሞ ተቃውሞ መጣ። “በእኛ አገር እንዲህ አይደለም። እኛ ርስት አለን። የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰው በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ ርስቱን ይካፈላል። ጭሰኛ የምትሉት ነገር በደቡብ ነው የበዛው።” ልክ ናቸው። የበጌምድር ሥርዓት ርስትና ጉልት ነበር፤ እኛ ትምህርት ቤት “ፊውዳሊዝም” በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን ያለፍነው። ፊልሙን አቆምነው። “እሺ አባባ፣ በእናንተ አገር ግፍ አልነበረም ማለት ነው?” አልናቸው። ሳቁ። “እንዴት አይኖርም! ባለጉልት አለ፣ ግብር አለ፣ የርስት ሙግት አለ። እዳኛ ፊት ስትመላለስ በሬህ ያልቃል።” ፊልሙን እንደገና አስጀመሩን። ትንሿ ከብት ጠባቂ ልጅ በጎርፍ ስትወሰድ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ያኔ ማንም አልተናገረም።

ሲያልቅ ስለ ገና ጠየቅናቸው። ስማዳ ሲኒማ አልነበረም። የገና ጨዋታ ግን ነበረ፤ በቆልማማ ዱላ ሩሯን ማሳደድ። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት የመጣ ነው ይባላል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይጋፋሉ፤ ሎሌ ጌታውን ቢያገኘው ቂም የለም። (ያንን ጌትዬ አንድ ገና ጨዋታ ላይ ብናገኘው!) የላሊበላ ተሳላሚዎች በጋይንት አድርገው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ላስታ ሲያልፉ ስንቅ ይሰጣቸው ነበር። ጋይንት ውስጥ ደግሞ ቤተልሔም አለች፤ ሊቃውንት ድጓ የሚያስመሰክሩባት ቤተልሔም። “እናንተ ቤተልሔምን ካርታ ላይ ትፈልጋላችሁ፣ እኛ በእግር እንሄድባት ነበር” አሉን አባባ። እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ የፍለጋችን መልስ ይሄ ነው። “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የገና ፊልም አይደለም። ውስጡ በረዶ የለም፣ ደስ የሚል መጨረሻም የለውም። ግን የጄምስ ስቱዋርትም ፊልም ሲሠራ ለቴሌቪዥን ወግ ተብሎ አልተሠራም፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ደጋግሞ ስላየው ነው። የእኛ ፊልም የሚጎድለው ይኼው ነው። ከዚያም በላይ አሜሪካኖቹ የማይቸኩሉበት እኛ የምንቸኩልበት ነገር አለ። የእነሱን ፊልም ማንም ሰው ብቻውን ሊያየው ይችላል። የእኛን ግን ዳለቻውን ከቡሬው፣ ርስቱን ከጉልቱ የሚለይልን ሰው አጠገባችን መቀመጥ አለበት። እነዚያ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። የአባባን ንግግር ያን ማታ አልቀረጽነውም፤ ስልካችን ቻርጅ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ስለዚህ ዘንድሮ በገና፣ ከዶሮው በኋላ፣ ቡና ሲፈላ፣ አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ክፈቱ። ፊልም ከጠፋ የቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶም ይበቃል። አያታችሁን ከፊት አስቀምጡ፤ “ይሄ ቀለሙ ምን ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ።

እኛ ዘንድሮም አባባ ዘንድ ነን። ያንኑ ፊልም እንደገና እናየዋለን፤ በሁለተኛው ዓመት ወግ ይጀመራል።

መልካም ገና!